ከኬዳን የመጣው ፎቶ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው እስራኤል ነው፤ ሥራዬ አዛውንቶችን መንከባከብ ነው። አሁን የምይዛቸው ሴትዮ እናታቸው ኬዳን ከምትባል የሊትዌኒያ ከተማ በ1935 የመጡ ናቸው። ከእናታቸው የቀረ አንድ ፎቶ አለ። ሃያ የሚሆኑ ወንዶችና ሴቶች ልጆች፣ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ ስካርፍ አስረው፣ ጫካ ውስጥ ባንዲራ ይዘው ይስቃሉ። ከጀርባው በዕብራይስጥ ‹ኬን ኬዳን› ተብሎ ተጽፏል። የእኔም ልጅ ብኔይ አኪቫ የሚባለው የወጣት ማኅበር ይሄዳል። ያው ነገር ነው? ደግሞ ያ ሁሉ መዓት እየመጣባቸው እንዴት እንደዚያ ይስቃሉ? አያውቁም ነበር?»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከመጨረሻው ልጀምር። አዎ፣ አያውቁም ነበር። እኛ በ1941 የሆነውን እልቂት ስለምናውቅ እንዲህ ያለ ፎቶ ስናይ ገና ከመጀመሪያው ሆዳችን ይባባል። ልጆቹ ግን የቆሙት ከዚያ በፊት ነው። የሚያስጨንቃቸውም ሌላ ነገር ነበር። የአባታቸው ሱቅ ገበያ አጥቷል፣ ሥራ የለም፣ የአሜሪካ በር ተዘግቷል። ጫካ ውስጥ የሚስቁት መውጫ አገኘን ብለው ነው። የድሮ ፎቶ መለየት እንጀራዬ ነው፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምጠይቀው ዓመቱን ነው። (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ወደ ከተማዋ። ኬዳን አይሁዶቹ በይዲሽ፣ ማለትም በምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ፣ የሚጠሯት ስም ነው፤ ሊትዌኒያውያን ኬዳይኒያይ ይሏታል። ከካውናስ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ኔቬዢስ በሚባል ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ቪልና (የዛሬዋ ቪልኒየስ) በ1920 በፖላንድ እጅ ስለወደቀች የአገሩ ጊዜያዊ ዋና ከተማ ካውናስ ነበረች። ስለዚህ ኬዳን ትንሽ ትሁን እንጂ ከወሬው ሩቅ አልነበረችም። በ1897 ቆጠራ 3,733 አይሁዶች ነበሩባት፤ ከነዋሪው ከግማሽ በላይ ማለት ነው። በ1915 ግን የሩሲያው ዛር ጦር «ለጀርመን ይሰልላሉ» ብሎ አይሁዶችን ከዚያ አካባቢ ጠራርጎ አስወጣ። ጦርነቱ ሲያልቅ ሁሉም አልተመለሱም። በ1923 ሲቆጠሩ 2,499 ነበሩ፤ ከሦስት ነዋሪ አንዱ ገደማ።

የአውሮፓ አይሁድ ሲባል ባንኮኒ ኋላ የቆመ ነጋዴ ብቻ የሚታየው ሰው ብዙ ነው። ኬዳን ግን ስሟ የሚነሣው በኪያር ነው፤ እናንተ እዚያ መላፈፎን የምትሉት። ከከተማዋ ዙሪያ መሬት ይዘው ኪያር የሚያለሙ የአይሁድ ቤተሰቦች ነበሩ። በበጋ እናት አባት ልጅ ሳይባል ጎንበስ ብሎ ለቀማ ነው። ትኩሱ ወደ ሌላ ከተማ ተጭኖ ይሸጣል። የተረፈው ከጨው፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከእንስላል ጋር በርሜል ውስጥ ገብቶ ክረምቱን ያሻግራል። ዛሬም ሊትዌኒያ ውስጥ ኬዳይኒያይ ካሉ መልሱ ኪያር ነው። ሴትዮዋ በኮምጣጣ ኪያር ቀልድ የማያውቁ ከሆነ ከየት እንደወረሱት ገመቱ።

የማኅበረሰቡን ኑሮ ለመረዳት ለእኛ ሰው አይከብድም። የቀብር ማኅበር ነበራቸው፣ ሄቭራ ካዲሻ ይባላል። እድር በሉት፤ ልዩነቱ ሬሳውን የሚያጥቡትና የሚገንዙት ራሳቸው አባላቱ መሆናቸው ነው። ያለ ወለድ የሚያበድር ማኅበር ነበረ። ከዚያ ከፍ ሲል ፎልክስባንክ የሚባለው የሕዝብ ባንክ አለ፤ በመላ አገሪቱ ከ80 በላይ ቅርንጫፍ ነበረው። ጫማ ሰፊውም አትክልተኛውም ቆዳና ዘር የሚገዛው ከዚያ ተበድሮ ነው።

አንዱን ማኅበር ግን ለእርስዎ ብዬ ላቆየው። ሊናት ሃጼዴክ ይባላል። በሊትዌኒያ የአይሁድ ከተሞች ውስጥ የተለመደ ነበር። ሥራው ሌሊት ከታማሚ ጋር ማደር ነው። ቤተሰቡ ቀን ሲያስታምም ውሎ ይደክመዋል፤ ማታ ሁለት አባላት ተራ ደርሷቸው ይመጣሉ፣ ወንበር ስበው አልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ቤተሰቡ ይተኛል። ማኅበሩ ቴርሞሜትርና የበረዶ ከረጢት ያውሳል፤ ድሃ ቤት እነዚህ አይገኙም። የእርስዎን ሥራ ያኔ የሚሠሩት ዳቦ ጋጋሪውና ልብስ ሰፊው ነበሩ ማለት ነው፣ በነጻ፣ በተራ።

መንግሥቱስ? መጀመሪያ ላይ ነገሩ ተስፋ ነበረው። ነጻ የወጣችው ሊትዌኒያ የአይሁድ ጉዳይ ሚኒስቴር እስከማቋቋም ሄዳ ነበር። አይሁዶች የራሳቸውን ምክር ቤት ይመርጣሉ፣ ቀረጥ ይሰበስባሉ፣ ትምህርት ቤት ይከፍታሉ። ብዙ አልቆየም። ሚኒስቴሩ በ1924 ቀረ፣ ምክር ቤቶቹም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሉት። በታኅሣሥ 1926 ደግሞ መፈንቅለ መንግሥት ሆነና ብሔርተኛው መሪ ስሜቶና ሥልጣን ያዘ። የተረፈው ትልቁ ነገር ትምህርት ቤቱ ነው። ፎቶው ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ በዕብራይስጥ የሆነውም በዚህ ነው። እናታቸው ቤት ውስጥ የሚያወሩት ይዲሽ ነበር፤ ገበያ ሲወጡ ሊትዌኒያኛ። ዕብራይስጡን ያመጡት ከትምህርት ቤት ነው። ታርቡት በሚባሉት ትምህርት ቤቶች ሒሳቡም ጂኦግራፊውም የሚሰጠው በዕብራይስጥ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ካውናስ አጠገብ ያለች ልጅ ስለ ገሊላ ዝናብ በዕብራይስጥ ትፈተናለች፣ ውጭ በረዶ እየጣለ።

ከትምህርት በኋላ ግን ምን? እዚህ ላይ ነው የወጣት ማኅበሩ የሚመጣው። የእሑድ ዕረፍት ሕግ ወጥቶ ነበር። ቅዳሜ በሃይማኖቱ የሚዘጋ ነጋዴ እሑድም በግድ ይዘጋል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ገቢ የለም። ተልባውን፣ ሥጋውን፣ እህሉን የሚገዙ በመንግሥት የሚደገፉ ትልልቅ የሊትዌኒያውያን ድርጅቶች ተነሡ። ለዘመናት መሐል ላይ ሆኖ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረው የአይሁድ ነጋዴ ከመሐል ወጣ። በ1930 የሊትዌኒያ ነጋዴዎች ማኅበር ሲቋቋም መፈክሩ «ሊትዌኒያ ለሊትዌኒያውያን» ነበር። በፊት እንዲህ ሲሆን ሰው ሻንጣውን ይይዛል። አሁን ግን አሜሪካ በ1924 የስደተኛ ኮታዋን በጣም አጠበበች። የሊትዌኒያ አይሁዶች በጣም ይሄዱባት የነበረችው ደቡብ አፍሪካም በ1930 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። የ16 ዓመት ልጅ ሆነው ይህን ሲያዩ ምን ያደርጋሉ? «ፍልስጥኤም እንወስድሃለን፤ ግን መጀመሪያ እናሠለጥንሃለን» የሚል ሲመጣ ይሰማሉ። ፍልስጥኤም የሚሉት ያኔ በእንግሊዝ እጅ የነበረውን፣ የዛሬዋ እስራኤል ያለችበትን አገር ነው።

አሁን ፎቶውን አብረን እንይ።

«ኬን» ጎጆ ማለት ነው፣ የወፍ ጎጆ። የማኅበሩ የአካባቢ ቅርንጫፍ ስም ነው። ችግሩ ሃሾሜር ሃጻኢርም ቤታርም «ኬን» ይላሉ። ሁለቱም የጽዮናውያን፣ ማለትም አይሁድ ወደ ጽዮን አገር ይመለስ የሚሉ ሰዎች፣ የወጣት ማኅበራት ናቸው። ሃሾሜር ሃጻኢር ስካውት ላይ የሶሻሊስት ሐሳብ የተጨመረበት ነው፤ የመጨረሻ ግቡ ኪቡጽ፣ ማለትም ሁሉ ነገር የጋራ የሆነበት የእርሻ መንደር ነው። ቤታር በ1923 ሪጋ ላይ በቀኝ ክንፉ መሪ በዣቦቲንስኪ መንፈስ የተመሠረተ፣ ሰልፍና ወታደራዊ ሥርዓት የሚወድ፣ ግራዎቹን ዓይናችሁን ለአፈር የሚል ነው። ሁለቱም ዩኒፎርም አላቸው። ያኔ ቤታሮች ቡናማ ይለብሱ ነበር፤ ፎቶው ግን ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀለም አይረዳዎትም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ጠቆር ያለ ሸሚዝ፣ ቀበቶ፣ ቀጥ ያለ ሰልፍ አይቼ «ቤታር» ብዬ ጻፍኩ። በኋላ ሲጣራ የከተማው የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች ሆነው ተገኙ። ከኋላቸው የቆመውን የውኃ ጋሪ አላየሁትም። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ሸሚዙን ይተዉትና ስልክዎ ላይ አጉልተው ባጁንና ባንዲራውን ይዩ። የስካውት አበባ፣ ማለትም ባለ ሦስት ቅጠሉ ሊሊ ካለ፣ ወይም «ሃዛክ ቬኤማጽ» (በርታ፣ ጽና) የሚል ከተጻፈ ሃሾሜር ሃጻኢር ነው። ሰባት ቅርንጫፍ ያላት መቅረዝ፣ ሜኖራ፣ ካለች፣ ወይም «ቴል ሃይ» የሚል ካለ ወደ ቤታር ያደላል። የልጆቹ አቋምም ይናገራል። ተቃቅፈው፣ አንዱ ሌላው ጉልበት ላይ ጋደም ብሎ ከሆነ የሃሾሜር ሃጻኢር ጠባይ ነው። ሴትና ወንድ መቀላቀሉ ግን ሁለቱንም አይለይም፤ የሚያስወጣው የየሺቫውን፣ ማለትም የኦሪት ትምህርት ቤቱን ወገን ብቻ ነው።

ቴል ሃይ ያልኩት የጆሴፍ ትሩምፔልዶር ነገር ነው። እኚህ ሰው በሩሲያ ጦር ፖርት አርተር ላይ ግራ እጃቸውን ያጡ፣ በመጋቢት 1920 ገሊላ ውስጥ ባለችው ሰፈር ቴል ሃይ ላይ የተገደሉ ናቸው። ሄሃሉጽ የሚባለውን የሠራተኛ አቅኚዎች ማኅበር ሩሲያ ውስጥ ያደራጁ እርሳቸው ናቸው። ቤታር ደግሞ ከነስሙ የእርሳቸው መታሰቢያ ነው። ቀኙም ግራውም «የእኛ ናቸው» ይላል። በአንድ ከተማ ውስጥ የማይነጋገሩ ሁለት ቡድኖች አንድ ሰው ግድግዳቸው ላይ ይሰቅላሉ።

የኬን ሳምንት ቁንጮው የቅዳሜ ከሰዓት ነው። ምሳ ቾለንት ይበላል። ይህ ከዓርብ ማታ ጀምሮ ምድጃ ውስጥ ያደረ የባቄላ፣ የድንችና የሥጋ ወጥ ነው፤ በልቶ የማይተኛ የለም። አባት ያንኮራፋል። ልጆች በዚያች ሰዓት ሹልክ ይላሉ። ኬኑ ብዙ ጊዜ የተከራየ አንድ ክፍል ነው። አግዳሚ ወንበር፣ የፍልስጥኤም ካርታ፣ መሬት መግዣ የሚሰበሰብበት ሰማያዊው ሳጥን። በዕድሜ ይከፋፈላሉ፤ አሠልጣኙ ማድሪኽ ራሱ 17 ወይ 18 ዓመቱ ነው። ስለ ኪቡጽ ይወያያሉ፣ ስለ ፍቅር ይወያያሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ወለሉ እስኪንቀጠቀጥ ሆራ የሚባለውን የክብ ጭፈራ ይጨፍራሉ። ላግ ባዖሜር የሚባለው የጸደይ በዓል ሲመጣ ባንዲራ ይዞ ወደ ጫካ ነው። የእርስዎ ፎቶ የዚያን ቀን ቢሆን አይገርመኝም።

ይህ ሁሉ ከተማዋን አንድ አደረጋት ብለው እንዳያስቡ። እንዲያውም ቤት ለቤት ከፋፈላት። ልጁ በሰንበት ሲያጨስ የተገኘ አባት ልጁን አያናግርም። ለጽዮናውያን ጉባኤ ምርጫ ሲመጣ ሼኬል የሚባለውን ካርድ የገዛ ድምፅ ይሰጣል፤ ካርድ ለመሸጥ በየቤቱ የሚያንኳኩት ወጣቶቹ ናቸው። በሰኔ 1933 የግራው መሪ አርሎዞሮቭ ቴል አቪቭ ላይ ሲገደል ጥርጣሬው ቀኙ ላይ ወደቀ። በዓለም ዙሪያ በቤታርና በግራዎቹ መካከል ጠቡ ከአፍ አልፎ ወደ ቡጢ ሄደ።

ፎቶው ውስጥ የሌሉትንም አይርሱ። የየሺቫ ተማሪዎች አሉ፤ ቴልዝና ፖኔቬዝ ከዓለም ስመ ጥር የሺቫዎች ነበሩ፣ አስተማሪዎቹም እነዚህን ኬኖች እንደ እሳት ይፈሯቸው ነበር። ቀን ሠርተው ማታ ኦሪት የሚማሩ ቲፌሬት ባሁሪም የሚባሉ ወጣቶች አሉ። ቋንቋችን ይዲሽ ነው፣ አገራችንም እዚሁ ነው የሚሉ አሉ። በድብቅ ኮሚኒስት የሆኑና እስር ቤት የሚመላለሱ አሉ። ምንም ውስጥ ያልገባ፣ ኳስ ለመጫወት ብቻ ማካቢ የሚሄድም ሞልቷል።

18 ዓመት ሲሞላቸው ጨዋታው ያልቃል። ሃክሻራ ይመጣል፤ ዝግጅት ማለት ነው። ልጅቷ ከቤት ወጥታ ከሌሎች ወጣቶች ጋር በጋራ ትኖራለች። እርሻ ላይ፣ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ፣ ወይም ክላይፔዳ ወደብ ላይ ትሠራለች። ደሞዙ አንድ ካዝና ይገባል፤ ካልሲ እንኳ የጋራ የሆነበት ጊዜ አለ። ለእናቶች ይህ ውርደት ነበር። ሱቅ ያለው ሰው ልጅ የሰው ልብስ ልታጥብ፣ እንጨት ልትፈልጥ! ግን ሌላ መንገድ አልነበረም። ወደ ፍልስጥኤም የሚያስገባው ወረቀት፣ ሰርቲፊኬት የሚባለው፣ የሚወጣው ከእንግሊዝ መንግሥት ነው፣ ቁጥሩም ትንሽ ነው። ቅድሚያ የሚያገኘው ሃክሻራ የጨረሰ ነው። አንዳንዱ ዓመታት ጠበቀ።

እዚህ ላይ ለእርስዎ የሚጠቅም ነገር ልንገርዎ። አንድ ሰርቲፊኬት ባልና ሚስት ያስገባል። ስለዚህ ወረቀቱ እንዳይባክን ተብሎ የማይዋደዱ ወንድና ሴት ይጋባሉ፣ ለወረቀት ብቻ። ሲደርሱ ይፋታሉ። በ1935 የገቡት እናታቸው የድሮ ሰነዳቸው ላይ ቤተሰቡ የማያውቀው የባል ስም ቢኖር አይደንግጡ፣ ሴትዮዋንም አያስደንግጡ። ምስጢራዊ ፍቅር ላይሆን ይችላል፤ ቢሮክራሲ ነው።

ልጅዎ ያለበት ብኔይ አኪቫ ያው ነው ወይ ላሉት፣ ዘመድ ነው እላለሁ። በ1929 እዚያው ፍልስጥኤም የተመሠረተ፣ ሃይማኖተኛ የሆነ፣ ኦሪትና ሥራ አብረው ይሄዳሉ የሚል ማኅበር ነው። ማድሪኹ፣ መዝሙሩ፣ በዕድሜ መከፋፈሉ፣ የቅዳሜ ከሰዓቱ አንድ ቤት የወጡ ናቸው። ቃሉ ግን ይለያል። ልጅዎ «ስኒፍ ሄድኩ» ነው የሚለው፤ «ኬን» አይልም። ፎቶው የብኔይ አኪቫ አይደለም። ከእኛ ሰዎች ታሪክ ጋርም የሚነካካበት ቦታ አለ። በ1955 እና 1956 ከኢትዮጵያ 27 የቤተ እስራኤል ወጣቶች ተልከው የተማሩት ክፋር ባትያ በሚባል የሃይማኖተኞቹ ጽዮናውያን የወጣቶች መንደር ነው። በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል የገቡት ልጆችም ብዙዎቹ የተላኩት አሊያት ሃኖዓር ያስተዳድራቸው ወደነበሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነው። አሊያት ሃኖዓር በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለጀርመን አይሁድ ወጣቶች ተብሎ የተጀመረ ነው። ልጅን ከቤት አውጥቶ በጋራ የማሳደግ ሐሳቡ ከእነዚያ ኬኖች ዘመን የመጣ ነው። በእኛ ልጆች ላይ ያመጣው በጎም ክፉም አለ፤ ያ ሌላ ጊዜ የሚወራ ነው።

የቀሩትስ ምን ሆኑ? በግንቦት 1939 እንግሊዝ ለአምስት ዓመት 75,000 ሰው ብቻ ይገባል አለች። በሰኔ 1940 የሶቪየት ጦር ሊትዌኒያ ገባ። ኬኖቹ ተዘጉ፣ ዕብራይስጥ ከትምህርት ቤት ወጣ፣ በሰኔ 1941 አጋማሽ ብዙ ሰው ወደ ሳይቤሪያ ተጫነ። ከሳምንት በኋላ ጀርመኖች መጡ። ነሐሴ 28 ቀን 1941 የኬዳን አይሁዶች ከከተማው ወጣ ብሎ በተቆፈረ ጉድጓድ አጠገብ በጀርመኖችና በአካባቢው ተባባሪዎቻቸው ተረሸኑ። የገዳዮቹ አዛዥ ካርል ዬገር በሪፖርቱ ቆጥሮ አስቀምጦታል፦ 710 ወንዶች፣ 767 ሴቶች፣ 599 ሕፃናት፤ በጠቅላላው 2,076። ከከተማዋ ምኩራቦች አንዱ ዛሬ የባህል ማዕከል ነው።

ፎቶውን ከአልበሙ አይንቀሉት፤ የድሮ ሙጫ ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል። ካልተጣበቀ ፊቱንም ጀርባውንም በስልክ ያንሡ፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ። ከዚያ ሻይ አፍልተው ከሴትዮዋ ጋር ይቀመጡና ከግራ ወደ ቀኝ እያንዳንዱን ፊት ያሳዩአቸው። እናታቸው ሲጠሩት የሰሙት ስም ካለ፣ ቅጽል ስምም ቢሆን፣ በሌላ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይጻፉት። ባጁን ያየነው ቀን የትኛው ማኅበር እንደሆነ አብረን እንለያለን።